ከባሕር ዛፍ እንጨት ፐልፕ ማምረት፦ የክራፍት፣ የሶዳና የሰልፋይት ዘዴዎች ንጽጽር

እንደ ባሕር ዛፍና በርች ያሉ ሰፊ ቅጠል ያላቸው ዛፎች እንጨት ወረቀት የሚሆነው የሴሉሎስ ቃጫዎቹን አጣብቆ የያዘው ሊግኒን ሲወገድ ነው። የቃጫቸው ርዝመት ወደ 1 ሚሊሜትር ነው፤ የፓይን ግን 3 ሚሊሜትር ይደርሳል። በዚህ የተነሳ ወረቀታቸው በቀላሉ ይቀደዳል፤ ለኅትመት የሚፈለገው ልስላሴ ግን አለው። ሊግኒናቸው መጠኑ አነስ ያለ፣ በሜቶክሲል ቡድኖችም የበለጸገ በመሆኑ ከፓይን ይልቅ ፈጥኖ ይሟሟል። ዘዴዎቹን ለማመዛዘን መነሻው ይህ ባሕርይ ነው።

ዛሬ ዓለምን የያዘው ክራፍት ነው። ጀርመናዊው ካርል ዳል በ1884 እ.ኤ.አ. የፈጠራ መብት ያገኘበት ይህ ዘዴ እንጨቱን በኮስቲክ ሶዳና በሶዲየም ሰልፋይድ ውስጥ ከ150 እስከ 170 ዲግሪ ሴልሺየስ ያበስላል። ሰልፋይዱ የሊግኒኑን ትስስር መበጠስ ስለሚያፋጥን ሴሉሎሱ ብዙ ሳይጎዳ ሥራው ያልቃል፤ ከባሕር ዛፍ ከእንጨቱ ክብደት ግማሽ ያህሉ ፐልፕ ሆኖ ይገኛል። ሊግኒኑን ለማሟሟት ያመቸው ሜቶክሲል ግን ከሰልፋይዱ ጋር ሲገናኝ መርካፕታን ይወልዳል፤ የክራፍት ፋብሪካ ጠረን ምንጭ እሱ ነው።

ሌላም ስውር ችግር አለ። በእንጨቱ ውስጥ ከሴሉሎሱ ጋር የሚገኘው የሄሚሴሉሎስ ዓይነት፣ ዛይላን፣ የያዘው የጎን አሲድ በማብሰሉ ሂደት ወደ ሄክሰንዩሮኒክ አሲድ ይለወጣል። ይህ አሲድ ፐርማንጋኔት ስለሚበላ የቀረው ሊግኒን የሚለካበትን የካፓ ቁጥር ከፍ ያደርገዋል። ቁጥሩን ብቻ ያየ መሐንዲስ ማብሰሉን ቢያራዝም ሴሉሎስ ያባክናል። መፍትሔው ፐልፑን በትኩስ አሲድ ማጠብ ነው።

የክራፍት ዋና ብርታት ግን ከማብሰያው ውጭ ነው። ከማብሰል በኋላ የሚቀረው፣ የሟሟውን ሊግኒንና ኬሚካሉን የያዘው ጥቁር ፈሳሽ ተኖ፣ በቦይለር ተቃጥሎ ኬሚካሉን ይመልሳል፣ እንፋሎትና ኤሌክትሪክም ይሰጣል። ይህ ባይኖር ዘዴው ዋጋውን ባልቻለ ነበር።

በዕድሜ ከሁሉ የሚቀድመው በኮስቲክ ሶዳ ብቻ የሚያበስለው የሶዳ ዘዴ ነው። ሰልፈር ስለሌለው አይሸትም፤ ሆኖም ዘገምተኛ ነው። ከ1977 እ.ኤ.አ. ወዲህ ከእንጨቱ ክብደት 0.1 በመቶ የማይበልጥ አንትራኩዊኖን ሲጨመርበት፣ በእነዚህ ዛፎች ላይ ለክራፍት ተቀራራቢ ውጤት ሰጠ። የጀርመን የአደጋ ግምገማ ፌዴራል ተቋም በ2013 እ.ኤ.አ. ኬሚካሉን ለምግብ መጠቅለያ ወረቀት ከሚመክረው ዝርዝር ማውጣቱ ግን ገበያውን አጠበበው።

አሲዳማው ሰልፋይት በተቃራኒው ሄሚሴሉሎሱንም ያሟሟል። ፐልፑ ለማንጣት ቀላል፣ ለወረቀት ግን ደካማ ነው፤ ካልሲየም ላይ ከተመሠረተ ኬሚካሉን መልሶ ማግኘት ያስቸግራል፤ ማግኒዥየም ይሻላል። ለወረቀት ጉድለት የሆነው የሄሚሴሉሎሱ መወገድ ለቪስኮስ ጨርቅ ተፈላጊ ነው፤ በደቡብ አፍሪካ ኡምኮማስ ያለው የሳይኮር ፋብሪካም ባሕር ዛፍን በዚሁ መንገድ ያበስላል።