ቀለሃውን ገልብጣችሁ እዩት

እዚህ አሜሪካ ጥይት ራሳቸው የሚሞሉ ሰዎች ከተኩስ ሜዳ የለቀሙትን ባዶ ቀለሃ አይጥሉም። ውድ ነዋ! ውጅግራ ጥይት እንደ ገንዘብ ሲያገበያይ ከኖረበት አገር ለመጣሁት ለእኔ ይኼ አይገርመኝም። የሚገርመኝ የቀለሃው ቂጥ ነው።

እዚያ መሃል ላይ ፕራይመር የምትባል ትንሽ ቆብ አለች፤ መርፌው ሲመታት ብልጭ ብላ ባሩዱን ታቀጣጥላለች። ዳግም ለመሙላት የተቃጠለችው ወጥታ አዲስ ትገባለች። በ1866 እ.ኤ.አ. ሁለት የጦር ሰዎች ሁለት መንገድ አመጡ። አሜሪካዊው በርዳን መቀጥቀጫዋን ከቀለሃው ጋር አንድ አደረጋት፤ እንግሊዛዊው ቦክሰር ቆቧ ውስጥ ከተታትና ከሥሯ አንድ ቀዳዳ ተወ። በዚያ ቀዳዳ ዘንግ ሰድዶ አሮጌዋን መግፋት ቀላል ነው። ታሪክ ሲቀልድ ታዲያ፣ አሜሪካ የእንግሊዙን ወሰደች፣ አውሮፓ ደግሞ በብዛት የአሜሪካዊውን።

የሽጉጥ ፕራይመር ሁለት መጠን አለው፦ ትልቁ 5.33 ሚሊሜትር ገደማ፣ ትንሹ 4.45። ብራውኒንግ የነደፈው፣ የአሜሪካ ጦርም በ1911 የተቀበለው .45 ኤሲፒ ትልቁን ይወስድ ነበር፤ 9 ሚሊሜትሩ ትንሹን። የጥይቱን ስም ያወቀ መጠኑንም አወቀ ማለት ነው።

ይህን ያፈረሰው እርሳስ ነው። ፕራይመር ውስጥ ያለው የእርሳስ ውህድ በዝግ የተኩስ አዳራሽ አየር ላይ እየቀረ ሰው ይመርዛል። እርሳስ አልባው ሲመጣ አንዳንድ ፋብሪካዎች የ.45ን መቀመጫ ወደ ትንሹ ቀየሩት፤ በኋላም ለተራው ጥይት ቀጠሉበት። አሁን አንድ ባልዲ ውስጥ ቁመታቸውም ውፍረታቸውም አንድ የሆነ መንትዮች ተደባልቀዋል።

ሳይለዩ ማሽን ላይ ማውጣት ቀልድ አይደለም። ትንሿ በትልቁ መቀመጫ ውስጥ ላላ ብላ ትወድቃለች፤ ይኼ እንኳ ይሻላል። ትልቋ ግን በትንሹ አትገባም፤ እጀታው እንቢ ሲል በጉልበት የገፋ ሰው እጁ ሥር ሊያፈነዳት ይችላል። ስለዚህ እኔ ትሪ ላይ በአፋቸው ደፍቼ እደረድራቸውና ብርሃን አበራባቸዋለሁ። ጎን ለጎን ሲሆኑ ልዩነቱን ዓይን ወዲያው ይለየዋል።

ብዙዎች ባለ ትንሹን .45 እየረገሙ ይጥሉታል። እኔ ለብቻው አስቀምጠዋለሁ። በ2020 ፕራይመር ከሱቅ ሲጠፋ፣ ለ9 ሚሊሜትር የገዛት ትንሽ ፕራይመር የተረፈችው ሰው .45ቱንም በሷ ሞልቷል።