160 ለላቲን፣ 70 ለፊደል

ገና ባልተሠራ ስልክ ስለተጨቃጨቁ፣ ተጨቃጭቀውም ስለተፈራረሙ ሰዎች ላውጋችሁ። ቀኖቹንና ዓመታቱን በፈረንጆቹ አቆጣጠር እጠራለሁ፤ ነገሩ የተጀመረው እነሱ ዘንድ ነውና።

በ1980ዎቹ መጀመሪያ አውሮፓ ውስጥ መኪናው ላይ ስልክ የገጠመ ሰው የአገሩን ድንበር ሲያልፍ ስልኩ ብዙውን ጊዜ ድምፁ ይጠፋ ነበር። እንግሊዝ የራሷ ሥርዓት አላት፣ ጀርመን የራሷ፣ ፈረንሳይም የራሷ። የሰሜኖቹ አገሮች ግን በ1981 የጋራ ኔትወርክ ከፍተው ድንበር ተሻግረው ይነጋገራሉ። ይህን ያዩት የአውሮፓ የፖስታና የቴሌኮም መሥሪያ ቤቶች በ1982 አንድ ቡድን አቋቋሙ፤ ስሙን በፈረንሳይኛ ግሩፕ ስፔሲያል ሞቢል አሉት። ጂኤስኤም ማለት መጀመሪያ ይኸው ቡድን ነበር። ሰብሳቢው የስዊድን ቴሌኮም መሐንዲስ ቶማስ ሃውግ ነው።

ቡድኑ አራት ዓመት አጥንቶ በ1986 ተፎካካሪ የሙከራ መሣሪያዎችን ፓሪስ ላይ አስፈተነ። በየካቲት 1987 ማዴይራ ደሴት ላይ ተሰበሰቡ። አብዛኛው አገር ጠባቡን የሞገድ አሠራር መረጠ፤ ጀርመንና ፈረንሳይ ሰፊውን ካልሆነ አሉ። ነገሩ ከመሐንዲሶች እጅ ወጥቶ ሚኒስትሮች ዘንድ ደረሰ። በግንቦት የአራት አገር ሚኒስትሮች ቦን ላይ ተቀምጠው በጠባቡ ተስማሙ። በሰኔ የአውሮፓ ማኅበረሰብ ሞገዱን በመመሪያ አስከበረ፤ ከ890 እስከ 915፣ ከ935 እስከ 960 ሜጋኸርዝ። መስከረም 7 ቀን ደግሞ የ13 አገሮች የቴሌኮም ድርጅቶች ኮፐንሃገን ላይ ፈረሙ። የፈረሙት አገልግሎቱን ሐምሌ 1 ቀን 1991 ሊጀምሩ ነው። ቀፎ የለም፣ ማማው አልቆመም፣ ቀኑ ግን ተቆርጧል!

ቀኑም ደረሰ። ፊንላንድ ውስጥ የቀድሞው ጠቅላይ ሚኒስትር ሃሪ ሆልኬሪ ስልኩን አንሥተው የታምፔሬ ከተማ ምክትል ከንቲባ ለነበሩት ለካሪና ሱዎኒዮ ደወሉ። መሥመሩ ሠራ።

እኔን ግን ከዚህ ሁሉ ይልቅ የሚይዘኝ በመካከሉ ያለፈ አንድ ትንሽ ነገር ነው። ወደ 1985 ልመልሳችሁ። ጀርመናዊው መሐንዲስ ፍሪድሄልም ሂሌብራንድ ቦን ከተማ ቤቱ ውስጥ የጽሕፈት መኪናው ፊት ተቀምጧል። ስልክና ማማ እየተጠራሩ ትእዛዝ የሚለዋወጡበት መሥመር አብዛኛውን ጊዜ ባዶ ነው፤ በዚያ ባዶ ላይ አጭር ጽሑፍ ቢጫንስ? ስንት ፊደል ይበቃል? ኋላ እንደተናገረው፣ የመጣለትን ዓረፍተ ነገር እየጻፈ፣ ፊደሉን፣ ክፍት ቦታውንና ነጥቡን እየቆጠረ ሞከረው። ከ160 የሚያልፍ አላገኘም ለማለት ይቻላል። ፖስትካርዶችንም አየ፤ እነሱም ቢሆኑ አጫጭር ናቸው። 160 ይበቃል ብሎ ቆረጠ።

እስቲ ሒሳቡን እንየው። በዚያ መሥመር ላይ ለአንድ መልእክት የተገኘው ቦታ 1120 ቢት ነው። ለላቲን ፊደል ሰባት ሰባት ቢት ይበቃል፤ 1120 ለ7 ሲካፈል 160። በሰባት ቢት የሚያዘው ግን 128 ምልክት ብቻ ስለሆነ የቀረው ዓለም ፊደል አይገባበትም። በኋላ የሌላው ፊደል ሲጨመር ለእያንዳንዱ 16 ቢት ተመደበለት፤ 1120 ለ16 ሲካፈል 70። በመልእክቱ ውስጥ አንዲት «ሀ» ብትገባ እንኳ መልእክቱ በሙሉ ወደ 70 ይወርዳል።

ይህ የጂኤስኤም ስልክ ሥርዓት በ1999 አዲስ አበባ ገባ። የግዕዝ ፊደል በዓለም አቀፉ የኮምፒውተር ፊደላት መዝገብ፣ በዩኒኮድ፣ የሰፈረውም በዚያው ዓመት ነው። ሕዝባችን ታዲያ «እንዴት ነህ»ን በላቲን ፊደል መጻፍ ለመደ፤ ቀፎው ፊደላችንን አያውቅማ። ፊደላችን ስልኩ ላይ ከገባም በኋላ ቦታው ጠባብ ነው። ለጥምቀት እንዲህ ብላችሁ ጻፉ፦ «ውድ ቤተሰቦቼ፣ እንኳን ለብርሃነ ጥምቀቱ በሰላም አደረሳችሁ፤ በዓሉ የሰላም፣ የጤናና የበረከት ይሁንላችሁ»። ክፍት ቦታው ተቆጥሮ 66 ነው። የላኪውን ስም ከነአባቱ ልጨምር ስትሉ ሁለተኛ መልእክት ይከፈታል፤ የሁለት መልእክት ዋጋም ይቆረጣል። ልክ ነው፣ የእኛ ፊደል አናባቢውን በአንድ ላይ ስለሚይዝ በ70ውም ብዙ ይናገራል። ያም ሆኖ ቦን ላይ ቁጥሩ ሲቆረጥ አማርኛን የቆጠረ ሰው አልነበረም፤ ዋጋውን ግን የከፈለው አማርኛ ጸሐፊው ነው።

ይህን የማነሣው አሁንም እንደዚያው ያለ ዕቅድ እየተጻፈ ስለሆነ ነው። ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት በኅዳር 2023 ለስድስተኛው የሞባይል ኔትወርክ ትውልድ የሚሆነውን ማዕቀፍ አጸደቀ፤ ስሙ አይኤምቲ-2030 ነው። በማዕቀፉ ውስጥ ሰው ሠራሽ አስተውሎት አለ፣ ኔትወርኩ ራሱ እንደ ራዳር አካባቢውን የሚያይበት አሠራር አለ፣ ኔትወርክ ያልደረሰበትን ሰው መድረስም ራሱን የቻለ ርእስ ሆኖ ገብቷል። በዚያው ዓመት መጨረሻ ዱባይ የተቀመጠው የሬዲዮ ጉባኤ በ4፣ በ7 እና በ15 ጊጋኸርዝ አካባቢ ያሉ ሞገዶች ተጠንተው ለ2027ቱ ጉባኤ እንዲቀርቡ ወሰነ። በዚያ ጉባኤ እያንዳንዱ አባል አገር አንድ ድምፅ አለው፤ ኢትዮጵያም እንዲሁ።

ዝርዝሩ የሚጻፈው ግን ሌላ ጠረጴዛ ላይ ነው። በ1998 በተመሠረተው ሦስት ጂፒፒ የሚባል ኅብረት ውስጥ ሰባት ድርጅቶች አሉ፤ ከጃፓን ሁለት፣ ከአሜሪካ፣ ከአውሮፓ፣ ከቻይና፣ ከኮሪያና ከህንድ አንድ አንድ። ከአፍሪካ አንድም የለም።

ህንድን ልብ በሉ። የአምስተኛው ትውልድ መመዘኛ ሲጻፍ የህንድ መሐንዲሶች የመንደሮቻቸውን አሰፋፈር ይዘው ገቡ። «የእኛ ገበሬ ርቆ ነው የሚኖረው፣ ሲሄድም በዝግታ ነው፤ ማማዎቹ በ6 ኪሎ ሜትር ተራርቀው ቢቆሙ ይሠራል ወይ ብላችሁ ፈትኑልን» አሉ። በ2017 ፈተናው ከመመዘኛው ውስጥ ገባ፤ የትኛውም ቴክኖሎጂ አምስተኛ ትውልድ ነኝ ሲል ያንን የግድ ማለፍ ሆነበት።

እኛም የምንወስደው መንደር ሞልቶናል። የሰሜን ተራሮች ገደል ሞገዱን እንዴት እንደሚጋርደው፣ አንድ ማማ በፀሐይ ኃይል ብቻ ስንት ሰዓት ሊቆም እንደሚችል፣ በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በትግርኛ፣ በሶማሊኛ የተነገረን ድምፅ ማሽኑ ምን ያህል እንደሚሰማ፣ ይህ ሁሉ ተለክቶ በወረቀት መቅረብ ይችላል። ከዩኒቨርሲቲዎቻችን፣ ከተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤትና ከኦፕሬተሮቹ ጥቂት ወጣት መሐንዲሶች ተመርጠው፣ የጉዞው ወጪ ተችሏቸው፣ ስብሰባ ሳያቋርጡ ዓመት ከዓመት ይላኩ። የስድስተኛው ትውልድ ዝርዝር ተጽፎ ያልቃል ተብሎ የተያዘው 2030 ላይ ነው፤ የሚለካው ነገር ከአሁኑ መለካት አለበት።