ፖርቶመጋላው ይዛወራል፣ ግጣሙ ይቀራል

«የጣሪያ መደርደሪያ ማስተካከያ ስብስብ፣ ለሁሉም መኪና የሚሆን» የሚል የሽያጭ ማስታወቂያ አነበብኩ። መጀመሪያ የቤት ዕቃ መስሎኝ ነበር። መደርደሪያ ላይ መጽሐፍ ወይም ብርጭቆ ይደረደራል፤ መኪና አናት ላይ ግን ፍራሽና ጆንያ ይጫናል፣ በዓል ሲደርስ ደግሞ በግ ይታሰራል። ለዚህ ዕቃ ስም ካወጣን ቆይተናል እኮ! ፖርቶመጋላ ነው።

ምንጩ የጣልያኑ «ፖርታባጋሊ» ነው፤ ጓዝ ተሸካሚ ማለት። ከጎሚስታ፣ ከፍሪሲዮንና ከካምቢዮ ጋር አብሮ ጋራዥ ገባና በአፋችን ሲመላለስ «ባ» ወደ «መ» ዞረች። መዞሯ ደግሞ አምሮባታል። ሐረር ላይ መጋላ ገበያ ነው፤ ፈረስ መጋላ የፈረስ ገበያ። ቅዳሜ ማታ ከገበያ የሚመለስን ሚኒባስ አናቱን ያየ ሰው በስሙ አይከራከርም። ከጣልያን መጣ ብሎ እሱን አባሮ «መደርደሪያ» ማስገባት ለአማርኛ መቆርቆር አይደለም።

የባሰው «ማስተካከያ ስብስብ» የሚለው ነው። ፊቲንግ ኪት የሚሉትን መሆኑ ነው። የድሮ መኪና ጣሪያው ጠርዝ ላይ እንደ ቤት አሸንዳ ነበረው፤ የፖርቶመጋላው እግር አሸንዳዋን ነክሶ ይጠብቅ ነበርና ስፋቱ ከተቀራረበ ከአንዱ ፈቶ ሌላው ላይ ማሰር ቀላል ነበር። ሃይስና 70 ላንድክሩዘር ዛሬም አሸንዳ አላቸው፤ አብዛኛው የቤት መኪና ግን ከጣላት ቆየ። ስለዚህ እንደ ስዊድኑ ቱሌ ያሉ አምራቾች ዕቃውን ከፋፈሉት፦ ከላይ አግዳሚ (ኳስ የሚያይ ሁሉ የሚያውቀው አግዳሚ)፣ ከሥሩ እግር፣ በእግሩና በመኪናው መሃል ደግሞ ለአንድ ሞዴል ጣሪያ ተለክቶ የተሠራ ጎማና የበሩን አናት ጠርዝ የሚቆነጥጥ ብረት። መኪና ሲቀየር አግዳሚና እግር ይዛወራሉ፣ ያ ጎማና ብረት ግን ለአዲሱ መኪና እንደገና ይገዛል።

እንግዲህ ምን እንበለው? «ማስተካከያ» ውሸት ነው። የሚስተካከል ነገር የለውም፤ ለአንዱ ተሠርቷል፣ ለሌላው አይሆንም። የማስታወቂያው «ለሁሉም መኪና» የመጣው ከዚሁ ቃል ይመስለኛል፤ ገዢውም አምኖ የቪትዙን ኮሮላ ላይ አስሮ መንገድ ይወጣል። «ማያያዣ» ሽቦም ገመድም ነው። «መገጣጠሚያ» ጉልበትና ክርን ይዘውታል፣ የመኪና ፋብሪካም ተጋርቷቸዋል። «አስማሚ» ደህና ነበር፤ ግን እሱም እንደ ሽማግሌ የተጣላውን ሁሉ የሚያስታርቅ ይመስላል።

እኔ «ግጣም» እላለሁ። ግንዱ ገጠመ ነው፤ ግጥምም ገጣሚም ከዚያው ይበቅላሉ። ወጥ ቤት ግጣም የሚባለው ለድስቱ የተለካው ክዳን ነው፤ የጎረቤት ድስት ላይ ብትከድነው ወይ ይሰምጣል ወይ ይንሳፈፋል። ፊቲንግ ኪትም ጠባዩ ይኸው ነው። ሱቅ ገብቶ «የኮሮላ ግጣም አላችሁ?» ማለት ያጥራል፤ ሻጩም ወዲያው «የስንት ዓመተ ምሕረት ኮሮላ?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም፤ ትክክለኛው ጥያቄም ይኸው ነው። ክዳን የሚፈልግ ሰው ይደናገራል የሚል ካለ፣ ጎማ ቤት ገብቶ ድስት የጠየቀ ሰው እስካሁን አላየሁም።

እኔም ርዕሱ ላይ ሳይቀር የተጠቀምኩበትን «ማዛወር» ለስም ዝውውር ብንተውለት ደስ ይለኛል፤ ጋራዥ «ፈቶ ማሰር» ይላል፣ ይበቃል።

የቀረኝ ጣሪያው ላይ ከፊት ወደ ኋላ የተዘረጋው የጎን ሬል ነው። እሱ ያለው መኪና እግሩም ሌላ ነው፤ ቆንጣጩን እግር ይዞ የሄደ ሰው ግጣም ቢገዛም አይሆንለትም። «ሐዲድ» እንዳልለው ባቡር ይመጣብኛል፤ «ማገር» እንዳልለው ማገር ወደ ጎን ነው የሚሄደው። «ወራጅ» ትንሽ ይቀርበዋል፤ አናጢዎች ካልተቆጡኝ በእሱ እጠቀማለሁ፤ ከተቆጡ ሬል ይሁን።