አውቀው ነው የሚሄዱት

ባለፈው ሳምንት አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ከሲያትል ደወለልኝ። ስሙን አልጠራም፤ ከኋላ ተቀምጦ ጥያቄ የሚያበዛው ልጅ ስላችሁ አብረውት የተማሩት ያውቁታል። የሥራ ባልደረቦቹ ስኪ አስተምረውት ሁለት የበረዶ ወቅት ተንሸራቷል። አሁን ደግሞ “ከተከለለው መንሸራተቻ ውጪ፣ ማንም ያልረገጠው ተራራ ላይ እንውሰድህ” ብለውታል። “ቲቸር፣ እዚያ እኮ በየዓመቱ ሰው በበረዶ ናዳ ይሞታል። እነሱም ያውቃሉ። አውቀው ለምንድነው የሚሄዱት?” አለኝ።

እኔ በረዶ ላይ ቆሜ አላውቅም። የማውቀው የክረምቱን በረዶ ነው፣ እሱም ቆርቆሮ ሲደበድብ። ግን ጥያቄው አላስተኛኝም፤ ማንበብ ጀመርኩ። ያነበብኩት ወደ ታሪክ ወሰደኝ፣ ያውም እሱ ካለበት ከተማ ብዙም ወደማይርቅ ቦታ። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ከሲያትል ወደ ምሥራቅ ስትሄዱ የካስኬድ ተራሮችን ታገኛላችሁ። ስቲቨንስ ፓስ የሚባል መተላለፊያ አለ፤ ባቡሩም በዚያው ነው የሚያልፈው። በ1910 የካቲት መጨረሻ ላይ ሁለት ባቡሮች፣ አንዱ መንገደኛ አንዱ ፖስታ የጫነ፣ ዌሊንግተን በምትባል ትንሽ የጣቢያ መንደር በበረዶ ተይዘው ቆሙ። ወደፊትም ወደኋላም የለም። በረዶ የሚጠርጉት ማሽኖችም ራሳቸው ተይዘው ቀሩ። ከሐዲዱ በላይ ያለው ቁልቁለት ደኑ በእሳት ስለወደመ ባዶውን ነበር። መንገደኞቹ ቀና ብለው እያዩ ፈሩ፤ “ባቡሩን ወደ ዋሻው መልሱልን” ያሉም ነበሩ። የባቡር ሰዎቹ ዋሻው ውስጥ ጭሱና ብርዱ ይብሳል ብለው እምቢ አሉ። ጥቂቶች በእግራቸው ወርደው ተረፉ። ማርች 1 ከእኩለ ሌሊት በኋላ፣ መብረቅና ነጎድጓድ ባለበት ሰዓት፣ ቁልቁለቱ ተንዶ ሁለቱንም ባቡሮች ገደል ከተታቸው። 96 ሰው ሞተ። በአሜሪካ ታሪክ እስከ ዛሬ ይህን ያህል ሰው የገደለ የበረዶ ናዳ የለም።

እነዚህ ሰዎች አልመረጡም። መንገደኞችና ሠራተኞች ነበሩ። በ1916 ዲሴምበር ማርሞላዳ ተራራ ላይ ከ200 በላይ የኦስትሪያ ወታደሮች ሰፈራቸው ውስጥ እንዳሉ ናዳ ሲበላቸውም እንደዚሁ ነው። መቶ አለቃውም ሆነ ተራው ወታደር ሂድ የተባለበት ነው የሚተኛው። በድሮ ጊዜ የበረዶ ናዳ የሚገድለው ገበሬን፣ ወታደርን፣ የማዕድን ሠራተኛን፣ መንገደኛን ነበር።

አሁን ወደ ልጁ ጥያቄ ልምጣ። ከዌሊንግተን 102 ዓመት በኋላ፣ ፌብሩዋሪ 19 ቀን 2012፣ በዚያው በስቲቨንስ ፓስ ወደ 16 የሚጠጉ ሰዎች ከመንሸራተቻው ጀርባ ተነክ ክሪክ ሳይሆን (ስሙን መጀመሪያ እኔም እንደዚያ ነበር ያነበብኩት) ተነል ክሪክ ወደሚባል ቁልቁለት ወረዱ። እነማን መሰሏችሁ? ጀማሪዎች አይደሉም። በስኪ እንጀራ የሚበሉ፣ ስለ ስኪ የሚጽፉ፣ ተራራውን ለዓመታት የሚያውቁ የአካባቢው ሰዎች ናቸው። የናዳ ትንበያ ጣቢያው አስጠንቅቋል። የተቀበረ ሰው የሚፈልጉበት መሣሪያና አካፋ ይዘዋል። ቁልቁለቱ ተናደና ሦስቱ ሞቱ። አንዲት ባለሙያ ናዳው ይዟት ወርዶ ጀርባዋ ላይ ያለውን ኤርባግ ስለነፋች ተረፈች። ታሪኩን ጆን ብራንች የሚባል ጋዜጠኛ በኒውዮርክ ታይምስ ጽፎት በ2013 ፑሊትዘር ተሸልሞበታል።

እኔን የያዘኝ ግን ሌላ ነገር ነው። ከተረፉት ውስጥ አንዳንዶቹ በኋላ ሲጠየቁ፣ ቡድኑ በዛ፣ ቀኑም ጥሩ አይደለም ብለው በልባቸው አስበው ነበር። ግን አልተናገሩም። “እነዚህ ሁሉ አዋቂዎች እያሉ እኔ ማን ነኝ?” ነው ነገሩ።

ይቺን አውቃታለሁ። ኮሌጅ እያለን በሐምሌ አሥር ሆነን አንድ ወንዝ ተሻገርን። ውሃው ደፍርሶ ነበር። ሁላችንም ፈርተናል፣ ማንም ቃል አልተነፈሰም፣ ምክንያቱም አንደኛው የዚያ አገር ልጅ ነው፤ “እሱ ያውቃል” ብለን ነው። እሱ ደግሞ ለካ እኛ ዝም ስላልን ነው የገባው። አንዱ ጓደኛችንን ውሃው ወስዶት ቁጥቋጦ ይዞ ወጣ። ማታ ስናወራ ነው ሁላችንም ፈርተን እንደነበር ያወቅነው።

ኢያን ማካሞን የሚባል ሰው በአሜሪካ የደረሱ 715 የመዝናኛ ናዳ አደጋዎችን መርምሮ ነበር። ያገኘው ነገር አስተማሪን ያስደነግጣል። ጥሩ ሥልጠና ያላቸው ሰዎች በለመዱት ቦታ ላይ ሲሆኑ፣ ምንም ሥልጠና ከሌላቸው ሰዎች እኩል ራሳቸውን ለአደጋ ያጋልጣሉ። ዕውቀቱ ጭንቅላታቸው ውስጥ አለ፣ ግን “ይሄንን ስንት ጊዜ ወርጄዋለሁ” የሚለው ይበልጥበታል። ሌሎችም ወጥመዶች ዘርዝሯል፦ ይህን ያህል ከለፋን አንመለስም ማለት፣ መሪውን አምኖ መከተል፣ የሌላ ሰው ዱካ አይቶ መተማመን፣ ንጹሑ በረዶ በሌላ ሰው ሳይረገጥ እንድረስ ብሎ መሽቀዳደም።

ዋናው ተንኮል ያለው ከተራራው ነው ባይ ነኝ። ናዳ የሚነሳው ባብዛኛው ከ30 እስከ 45 ዲግሪ በሚያዘነብል ቁልቁለት ላይ ነው፤ ለስኪ የሚጥመውም ያው ቁልቁለት ነው። ከላይ ጠንከር ያለ ንጣፍ፣ ከሥሩ ደካማ ንጣፍ፤ የአንድ ሰው ክብደት ሲያርፍበት ይሰነጠቃል። ሰው ከሚገድሉት ናዳዎች አብዛኞቹን የሚያስነሳው ሟቹ ራሱ ወይ ጓደኛው ነው። ግን በአብዛኛው ቀን አይሰነጠቅም! የተሳሳተ ውሳኔ ወስነህ፣ በደስታ ወርደህ፣ ቡና ጠጥተህ ቤትህ ትገባለህ። ተራራው ኤክስ አያደርግብህም። እኔ ተማሪ ሲሳሳት በቀይ እስክሪብቶ አርማለሁ፤ እዚያ ግን ሃያ ጊዜ ተሳስተህ ሃያ ጊዜ “ጎበዝ” ትባላለህ። ልምድ የምትለው ነገር ግማሹ ዕድል ነው፣ የትኛው ግማሽ እንደሆነ ግን አታውቅም።

“እብዶች ናቸው” ብሎ መዝጋትም ልክ አይመስለኝም። ልጁ ራሱ ሲነግረኝ ድምፁ ተቀየረ፤ ጠዋት፣ ጸጥታ፣ ከእግርህ በታች ምንም የማይሰማበት ለስላሳ በረዶ። ሳምንቱን ሙሉ ኮምፒውተር ላይ ለሚያፈጥ ሰው ቀላል ነገር አይደለም።

ትናንት መልሼ ደወልኩለት። አትሂድ አላልኩትም፤ ትልቅ ሰው ነው። መጀመሪያ የናዳ ኮርስ ውሰድ፣ የዕለቱን ትንበያ ራስህ አንብብ፣ ከፈራህ ጮክ ብለህ ተናገር አልኩት። ሰው ከተቀበረ በመጀመሪያዎቹ አሥር፣ አሥራ አምስት ደቂቃዎች ካልወጣ ዕድሉ በፍጥነት እንደሚያሽቆለቁልም ነገርኩት። “የቅዳሜው ስንት ነው?” ብዬ ጠየቅኩት። ትንበያው ከ1 እስከ 5 ነው የሚሰጠው።

“3 ነው ቲቸር፣ መካከለኛ ነው ብለውኛል” አለኝ።

3 መካከለኛ አይደለም። 5 ሲባል ሰው ቤቱ ይቀመጣል፤ ብዙ ሰው የሚሞተው 3 በተባለበት ቀን ነው። ይህን ስነግረው ዝም አለ። ከዚያ “እሺ፣ ለነሱም እነግራቸዋለሁ” አለኝ።