ተቀምጦ ወይስ ቆሞ? የጀበል ኩጁር ድንጋይ ፈላጮች እና የወገባቸው ጤና

ከደቡብ ሱዳን መዲና ጁባ በስተምዕራብ የሚታየው ጀበል ኩጁር ከከተማዋ መለያዎች አንዱ ነው። "ጀበል" በአረብኛ ተራራ ማለት ሲሆን፣ "ኩጁር" ደግሞ በአካባቢው አረብኛ መንፈሳዊ ኃይል አለው ተብሎ የሚታመን የባህል አዋቂ የሚጠራበት ቃል ነው። ከተራራው ግርጌ ግን ከሁሉም በላይ የሚሰማው የመዶሻ ድምፅ ነው። አብዛኞቹ ሴቶች የሆኑ ሠራተኞች ከተራራው የተፈነቀለውን ድንጋይ በእጃቸው እየፈለጡ ለግንባታ የሚሆን ጠጠር ያዘጋጃሉ።

ሠራተኞቹ መሬት ላይ፣ በድንጋይ ወይም በአሮጌ ጄሪካን ላይ ተቀምጠው፣ በአንድ እጃቸው ድንጋዩን ይዘው በሌላው መዶሻ ያነሳሉ። ይህ አቀማመጥ ለሰዓታት ይዘልቃል። በሥራ ጊዜ በምቾት መቀመጥ ወይም መቆም ለብዙዎች የቢሮ ወንበር ጉዳይ ይመስላል። በካባ ሥራ ግን ሰውነት ስንት ዓመት ሊያገለግል እንደሚችል ከሚወስኑት ነገሮች አንዱ ይኸው ነው።

ከጦርነት በኋላ የመጣ መተዳደሪያ

እ.አ.አ በ2005 የተፈረመው የሰላም ስምምነት ለረዥም ዘመን በጦርነት የቆየውን አካባቢ ለግንባታ ከፈተው። ደቡብ ሱዳን በሐምሌ 2011 ነፃነቷን ስታውጅ ጁባ የአዲስ አገር መዲና ሆነች። ለመንገዱም፣ ለሆቴሉም፣ ለመኖሪያ ቤቱም ኮንክሪት፣ ለኮንክሪቱም ጠጠር ያስፈልግ ነበር።

በታኅሣሥ 2013 የተቀሰቀሰው የእርስ በርስ ጦርነት እና በሐምሌ 2016 በጁባ ዳግም ያገረሸው ውጊያ በርካታ ቤተሰቦችን አፈናቀለ። መሬትም ሆነ መነሻ ገንዘብ ለሌላት እናት ድንጋይ መፍለጥ መዶሻና ጉልበት ብቻ የሚጠይቅ ሥራ ሆነ። ገቢው በሰዓት አይታሰብም። የሚሸጠው የተጠራቀመው ጠጠር ነው፤ ገዢ ካልመጣ ደግሞ ክምሩ እዚያው ይቆያል። በዚህ አሠራር ወገብን ለማሳረፍ መነሳት ከገቢ ላይ እንደመቀነስ ይቆጠራል።

መሬት ላይ መቀመጥ ለምን ተመረጠ?

መሬት ላይ መቀመጥ የድህነት ምልክት ብቻ አይደለም፤ የራሱ ምክንያትም አለው። ድንጋይ በደንብ የሚሰበረው ከሥሩ የማይነቃነቅ ነገር ሲኖር ነው። የሚወዛወዝ ጠረጴዛ የመዶሻውን ኃይል ይውጠዋል፤ መሬት ላይ የተቀመጠ ትልቅ ድንጋይ ግን ኃይሉን ለሚፈለጠው ድንጋይ ያስቀራል። መዶሻው ከላይ ወደ ታች ሲወርድ ክብደቱ ራሱ ያግዛል። ተቀምጦ የሚሠራ ሰው ድንጋዩን በቅርብ ያየዋል፤ ጠጠሩን ለመልቀምም በየጊዜው መጎንበስ አያስፈልገውም።

ስለዚህ ለሠራተኞቹ "ቆማችሁ ሥሩ" ብሎ መምከር ብቻውን መፍትሔ አይሆንም። መሬቱ የሚሰጠውን ጥንካሬ ሳያጡ ወገብን ከመታጠፍ ማዳን የሚቻለው እንዴት እንደሆነ ማየት ያስፈልጋል።

ወገብ ላይ ምን ይከሰታል?

አንድ ሰው እግሩን ዘርግቶ መሬት ላይ ሲቀመጥ ከጭኑ በስተኋላ ያሉት ጡንቻዎች ይወጠሩና ዳሌውን ወደ ኋላ ይስቡታል። የታችኛው የአከርካሪ ክፍል ተፈጥሯዊ ቅርፁን አጥቶ እንደ ቀስት ይጎብጣል። በዚያ ላይ ወደ ፊት ማጎንበስና መዶሻ ማንሳት ሲጨመር የወገብ ጡንቻዎችና በአከርካሪ አጥንቶች መካከል ያሉት ዲስኮች ከፍተኛ ጫና ይሸከማሉ።

ስዊድናዊው የአጥንት ሐኪም አልፍ ናከምሰን በ1960ዎቹ በሕይወት ባሉ ሰዎች ዲስክ ውስጥ ያለውን ግፊት ለክተዋል። ወደ ፊት አጎንብሶ መቀመጥ ቀጥ ብሎ ከመቆም የበለጠ ጫና እንደሚፈጥርም አሳይተዋል። ከዚያ በኋላ የተደረጉ ልኬቶች ቀጥ ብሎ በመቀመጥና በመቆም መካከል ያለው ልዩነት ቀድሞ ከታሰበው ያነሰ መሆኑን ቢጠቁሙም፣ ማጎንበስ ጫናውን እንደሚጨምር ግን ይስማማሉ።

የወገብ ሕመም በዓለም ላይ ሰዎችን ከሥራ ከሚያስቀሩ ችግሮች ግንባር ቀደሙ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በ2020 619 ሚሊዮን ሰዎች ይህ ሕመም ነበረባቸው፤ በ2050 ቁጥሩ 843 ሚሊዮን ሊደርስ ይችላል።

መቆምስ የተሻለ ነው?

ትልቁን ድንጋይ በከባድ መዶሻ የሚሰነጥቁ ሠራተኞች ቆመው ነው የሚሠሩት። መቆም እግርና ዳሌ ኃይሉን እንዲጋሩ ያስችላል፤ መዶሻውን በትከሻ ብቻ ሳይሆን በመላ ሰውነት ማንሳት ይቻላል። ይሁን እንጂ ሳይንቀሳቀሱ ለረዥም ሰዓት መቆም ደም በእግር ላይ እንዲጠራቀም፣ ባትና ቁርጭምጭሚት እንዲያብጥ ያደርጋል። ወጣ ገባ በሆነና ጠጠር በሞላበት መሬት ላይ ደግሞ እግር የመንሸራተት አደጋ አለ።

ጉዳዩ አዲስ አይደለም። ጣሊያናዊው ሐኪም በርናርዲኖ ራማዚኒ እ.አ.አ በ1700 ስለ ሠራተኞች በሽታ ባሳተሙት መጽሐፍ ሥራ ሰውን የሚያሳምምባቸውን ሁለት መንገዶች ለይተዋል። አንደኛው ሠራተኛው የሚነካውና የሚተነፍሰው ጎጂ ነገር ነው፤ ሁለተኛው ከተፈጥሮ ውጭ የሆነ የሰውነት አያያዝና ከልክ ያለፈ እንቅስቃሴ ነው። በመጽሐፉ ቆመው የሚሠሩም ሆኑ ተቀምጠው የሚሠሩ ሰዎች የየራሳቸው ሕመም እንዳላቸው ገልጸዋል። በጀበል ኩጁር ሁለቱም የራማዚኒ መንገዶች በአንድ ሥራ ላይ ይገናኛሉ።

ትክክለኛው ከፍታ ስንት ነው?

ሥራን ከሠራተኛው አካል ጋር የሚያስማማው የዕውቀት ዘርፍ፣ ኤርጎኖሚክስ፣ የሥራ ገበታን ከፍታ የሚለካው ከክርን ነው። ቆሞ ለሚሠራ ሰው ጥንቃቄ የሚሻ ጥቃቅን ሥራ ከክርን 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ቢል ይመረጣል። ቀላል የእጅ ሥራ ከክርን ከ5 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር፣ ጉልበት የሚጠይቅ ሥራ ደግሞ ከ20 እስከ 40 ሴንቲ ሜትር ዝቅ እንዲል ይመከራል።

ለምሳሌ ክርኗ ከመሬት 100 ሴንቲ ሜትር ላይ ለሆነ ሴት ለከባድ ሥራ የሚስማማው ከፍታ ከ60 እስከ 80 ሴንቲ ሜትር ነው። ልኬቱ መዶሻው የሚያርፍበትን ቦታ እንጂ የመደቡን ጫፍ ብቻ አይመለከትም። 15 ሴንቲ ሜትር ቁመት ያለው ድንጋይ የሚፈለጥ ከሆነ መደቡ በዚያው ልክ ዝቅ ማለት አለበት።

ከሸማኔው ጉድጓድ እና ከእናቶች ወፍጮ

ይህንን ጥያቄ ያለ መጽሐፍ የመለሱ የኢትዮጵያ ሙያዎች አሉ። በሽሮ ሜዳና በሌሎች ስፍራዎች የሚሠራ ባህላዊ ሸማኔ መሬት ላይ እግሩን ዘርግቶ አይቀመጥም። ከፊቱ ጉድጓድ ይቆፈርና በጉድጓዱ አፋፍ ላይ ተቀምጦ እግሩን ወደ ውስጥ ያወርዳል። መሬቱ ራሱ ወንበር ይሆንለታል፤ ጉልበቱ ይታጠፋል፤ ወገቡም እግር ዘርግቶ ከመቀመጥ በተሻለ ቀና ይላል።

በደጋማ አካባቢዎች ደግሞ የእጅ ወፍጮ በድንጋይና በጭቃ መደብ ላይ ከፍ ተደርጎ ይሠራ ነበር። እህል የምትፈጭ ሴት ቆማ፣ መጁን በክንዷ ብቻ ሳይሆን በሰውነቷ ክብደት ትገፋለች። ሥራው አድካሚነቱ ባይቀርም፣ ከመሬት ተነስቶ ወደ ሰው መቅረቡ ግን ትልቅ ነገር ነው።

ሁለቱ ምሳሌዎች የሚጋሩት ሐሳብ ቀላል ነው። ሰው ወደ ሥራው እንዲታጠፍ ከማድረግ ይልቅ ሥራውን ወደ ሰው ማምጣት ይቻላል። ለኢትዮጵያ ከተሞች መንገድ ኮብልስቶን ሲቀርጹ ለሚውሉ ወጣቶችም ትምህርቱ ያው ነው።

አቧራ፣ ነፋስ እና ሙቀት

አቀማመጥ የሚወስነው የወገብን ጤና ብቻ አይደለም። ፊት ወደ ድንጋዩ በቀረበ ቁጥር የሚተነፈሰው አቧራ ይበዛል። እንደ ግራናይት ያሉ ጠንካራ ድንጋዮች ሲሰበሩ ሲሊካ የተባለ ረቂቅ ብናኝ ይወጣል። ይህ ብናኝ ለዓመታት ሲተነፈስ ሲሊኮሲስ የተባለ መዳኛ የሌለው የሳንባ በሽታ ያስከትላል፤ በሳንባ ነቀርሳ የመያዝ ዕድልንም ይጨምራል።

ነፋሱ ከጎን እንዲመጣ አድርጎ መቀመጥ አቧራውን ከፊት ያርቃል። ጀርባን ለነፋስ መስጠት የተሻለ ቢመስልም፣ ነፋሱ በሰውነት ዙሪያ ሲዞር አቧራውን ወደ ፊት ሊመልሰው ይችላል። ድንጋዩን ማርጠብ ብናኙን በእጅጉ ይቀንሳል፤ ነገር ግን በርካታ ነዋሪ በቦቴ የሚመጣ ውሃ በሚገዛባት ጁባ ይህም ወጪ አለው።

ሙቀቱም ሌላው ፈተና ነው። በመጋቢት 2024 የደቡብ ሱዳን መንግሥት ሙቀቱ እስከ 45 ዲግሪ ሴልሺየስ ሊደርስ ይችላል በሚል ትምህርት ቤቶችን ዘግቶ ነበር። በእንዲህ ያለ ወቅት ጥላ የሌለው የሥራ ቦታ፣ መቀመጫው ምንም ያህል ቢመች፣ ለጤና አደገኛ ነው።

በአነስተኛ ወጪ ምን ማድረግ ይቻላል?

• መቀመጫን ከፍ ማድረግ፦ ዝቅተኛ በርጩማ ወይም ዱካ እንኳ ዳሌን ከመሬት ያነሳል፤ እግርን አጥፎ መቀመጥም ያስችላል። ላዩ ላይ የታጠፈ ጨርቅ ማድረግ የጠንካራውን መቀመጫ ጫና ይቀንሳል።

• የመፍለጫውን ድንጋይ ማንሳት፦ ትልቅ ድንጋይ በደንብ በተጠቀጠቀ አፈርና ድንጋይ መደብ ላይ ቢቀመጥ ሳይነቃነቅ ከፍ ይላል። መደቡ ከባድና ጠንካራ ካልሆነ ግን ጥቅም የለውም።

• መቀያየር፦ ተቀምጦ መፍለጥን፣ ቆሞ መለየትንና መሸከምን ማፈራረቅ አንድ ጡንቻ ብቻ እንዳይደክም ይረዳል። ከአንድ ረዥም ዕረፍት ይልቅ ተደጋጋሚ አጫጭር ዕረፍቶች ይሻላሉ።

• ጣትንና ዓይንን መጠበቅ፦ በአንዳንድ አገሮች ድንጋይ ፈላጮች ከአሮጌ ጎማ በተቆረጠ ቀለበት ድንጋዩን ከበው ይይዛሉ። ቀለበቱ ጣትን ከመዶሻው ያርቃል፤ ፍንጣሪንም ይቀንሳል። የዓይን መከላከያ መነፅር ግን በምንም አይተካም።

• ጥላ ማበጀት፦ በአራት እንጨት ላይ የተወጠረ ሸራ በቂ ሊሆን ይችላል፤ ነፋስ እንዲያሳልፍ ጎኖቹ ክፍት መሆን አለባቸው።

ኃላፊነቱ የማን ነው?

የዓለም ሥራ ድርጅት እ.አ.አ በ1964 ባጸደቀው 120ኛው ስምምነት በንግድ ቤቶችና በቢሮዎች ለሚሠሩ ሰዎች በቂና ተስማሚ መቀመጫ እንዲቀርብ ደንግጓል። በሰኔ 2022 ደግሞ ደህንነቱ የተጠበቀ የሥራ አካባቢን ከመሠረታዊ የሥራ መብቶች ውስጥ አካቷል። ደቡብ ሱዳን በ2017 የሠራተኛ ሕግ አውጥታለች፤ ኢትዮጵያም በ2011 ዓ.ም የወጣው አዋጅ ቁጥር 1156 አላት።

እነዚህን የመሰሉ ሕጎች ግን በአብዛኛው የሚናገሩት ለአሠሪ ነው። በጀበል ኩጁር ግርጌ ለራሷ የምትፈልጥ ሴት አሠሪ የላትም፤ ያላት ገዢ ብቻ ነው። በርጩማውንም፣ ጥላውንም፣ መነፅሩንም የምትገዛው ከዚያው ከጠጠሩ ሽያጭ ነው። ለአንድ ክምር የሚከፈለው ዋጋ የዕለት ምግብን ብቻ የሚሸፍን ከሆነ፣ ለወገብ የሚተርፍ ነገር አይኖርም።

ድንጋዩ ከተራራው ወርዶ የከተማዋ ግድግዳና መንገድ ሆኗል። እሱን ለመፍለጥ ሲታጠፍ የኖረ ወገብ የሚከፍለውን ዋጋ ግን ጠጠሩን የሚገዛው ገበያ እስካሁን አላሰበውም።