ስልካችሁ ለምን ይግላል? ሲግልስ ምን ታደርጋላችሁ?

ወሰን ብርድ ነው ብላችሁ አትዘናጉ። ሰፈሩ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለሆነ ፀሐዩ ኃይለኛ ነው፤ ታክሲ ጋቢና ዳሽቦርድ ላይ የተቀመጠ ስልክ ወዲያው ይግላል። ወደ እንጦጦ ስትወጡ ደግሞ ኔትወርክ ደካማ በሆነበት ቦታ ስልኩ ሲግናል ለማግኘት ብዙ ኃይል ያወጣል፣ ይሞቃል። ቻርጅ ላይ ሰክቶ ጌም መጫወት ግን ይብሳል (ሁላችንም እናደርገዋለን)።

አፕል አይፎንን ከ35 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ በሆነ ቦታ እንዳንጠቀም ይመክራል። ሙቀት የጎዳው ሊቲየም ባትሪ አይመለስም።

ሲግል ከቻርጅ ንቀሉት፣ ከቨሩን አውጡ፣ ዳታና ሆትስፖት አጥፉ፣ ጥላ ውስጥ አስቀምጡት። ፍሪጅ ውስጥ እንዳትከቱት! ውስጡ እርጥበት ይቋጥራል። ጀርባው ካበጠ ግን ቻርጅ አታድርጉት፣ ራሳችሁም አትፍቱት፤ ባትሪው በእሳት ሊያያዝ ስለሚችል ለባለሙያ ስጡት።