ከድርጎ እስከ ሆቴል፦ አዲስ አበባ እንግዳዋን እንዴት ተቀበለች?

ዛሬ ወደ አዲስ አበባ የሚመጣ መንገደኛ «የት ልብላ? የት ልጠጣ? የትስ ልደር?» ብሎ ቢጠይቅ መልሱን የሚያገኘው ከኪሱ ነው። ገንዘብ ያለው ባለ ኮከብ ሆቴል ይገባል፤ ያነሰው ደግሞ «አልጋ አለ» የሚል ጽሑፍ የተለጠፈበትን በር ይፈልጋል። ከመቶ ሃያ ዓመት በፊት ግን ይህ ጥያቄ የኪስ ጥያቄ አልነበረም። የዘመድ፣ የጌታና የእግዚአብሔር ጥያቄ ነበር። ምግብና መኝታ እንዴት የሚሸጥ ነገር ሆነ? ሻጮቹስ እነማን ነበሩ? የዚህ መልስ የከተማይቱን ታሪክ ግማሽ ያህል ይነግረናል።

በቀድሞው ሥርዓት ሁለት ዓይነት እንግዳ ነበር። አንዱ የእግዜር እንግዳ ነው። የመሸበት መንገደኛ በማያውቀው ሰው ደጃፍ ቆሞ «የመሸብኝ የእግዜር እንግዳ ነኝ፤ አሳድሩኝ» ይላል፤ ባለቤቱም «ቤት ለእንግዳ» ብሎ ያስገባዋል። እግሩ ይታጠባል፤ ካለው ይቀርብለታል፤ መደብ ይነጠፍለታል። ሁለተኛው የመንግሥት እንግዳ ነው። በንጉሡ ትእዛዝ ለሚጓዝ ባለሟል ወይም የውጭ ሰው የሚያልፍበት አገር ሕዝብ እንጀራውን፣ በጉን፣ ማሩን፣ ለበቅሎውም ገብሱን እንዲያቀርብ ይታዘዛል። ይህም ድርጎ ይባል ነበር። የመጀመሪያው የልብ ስጦታ ሲሆን ሁለተኛው በገበሬው ጫንቃ ላይ የወደቀ ዕዳ ነበር። ያም ሆኖ በሁለቱም ዘንድ እንግዳው የበላበትን ዋጋ አይጠየቅም።

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር ይህንኑ ልማድ ይዛ ተነሣች። አመሠራረቷ ራሱ ከማረፊያ ጋር የተያያዘ ነው፤ ከብርዳማው እንጦጦ ወደ ፍልውሃ ለመታጠብ የሚወርዱት መኳንንት በሜዳው ላይ ድንኳን እየተከሉ መሰንበት ጀመሩ፤ ድንኳኑም ቤት፣ ቤቱም ከተማ ሆነ። መኳንንቱ በየተመሩት ቦታ ከነሠራዊታቸው ሰፈሩ፤ «ሰፈር» የሚለው ቃልም ከዚሁ አሰፋፈር ጋር ተጣብቆ ቀረ። ከገጠር የመጣ ሰው በየትኛው ሰፈር እንደሚያርፍ አስቀድሞ ያውቃል፤ የአገሩ ገዥ ወይም የአገሩ ልጅ ወዳለበት ይሄዳል። የቤተ መንግሥቱ ግብር በብዙ ሺህ የሚቆጠር ሰው በየተራ ያበላል፤ ያጠጣል።

በዚህ ሥርዓት ክፉኛ የሚቸገር አንድ ዓይነት እንግዳ ነበር። እርሱም ደጅ ጠኚው ነው። ርስቱን የተነጠቀ፣ ፍርድ የተጓደለበት፣ ሹመት የሚለምን ሰው ወደ መናገሻይቱ መጥቶ ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት ይቆያል። የያዘው ስንቅ ያልቃል፤ ዘመድም ይሰለቻል። አዲስ አበባ ውስጥ የሚከራይ አልጋና የሚሸጥ እንጀራ ያስፈለገው ለፈረንጅ ብቻ አይደለም፤ ለዚህ ሰውም ጭምር ነው።

ከዓድዋ ድል በኋላ የየአገሩ ሌጋሲዮን፣ ነጋዴና የውል ፈላጊ ወደ ከተማይቱ ጎረፈ። እነዚህ እንግዶች በሰፈር ዘመድ የላቸውም። በ1890ዎቹ መጨረሻ ላይ እቴጌ ጣይቱ በአራዳ ያሠሩት ሆቴል የተከፈተው በዚህ ምክንያት ነው። ስለ ሆቴሉ መጀመሪያ ሲነገር የኖረ አንድ ታሪክ አለ። መኳንንቱ ተጋብዘው መጡ፤ በሉ፤ ጠጡ፤ አመስግነውም ሄዱ። ቆይቶ ሒሳብ እንደሚከፈል ሲሰሙ ግን ማንም ዝር አልል አለ። አፄ ምኒልክም ራሳቸው ገብተው በልተው፣ ከኪሳቸው ከፍለው፣ ሌላውም ተራ በተራ እየጋበዘ እንዲከፍል አስለመዱ ይባላል።

ይህ ታሪክ ብዙ ጊዜ ለሣቅ ይነገራል። ከሣቁ ሥር ግን ቁም ነገር አለ። ትልቅ ሰው ያበላል እንጂ በገንዘብ አይበላም። በማያውቀው ሰው ፊት አፉን ከፍቶ መብላትም ነውር ነው፤ ጌታ ሲጠጣ አሽከር ነጠላ የሚከልልለት ከሰው ዓይን እንዲጠበቅ ነበር። ሆቴል ግን ይህን ሁሉ ገልብጦ ባላገሩንና መኰንኑን፣ ፈረንጁንና አበሻውን በአንድ አዳራሽ ሊያስቀምጥ ይፈልጋል። በመካከላቸው የሚቀረው ልዩነት የመክፈል አቅም ብቻ ነው። ስለዚህ የመኳንንቱ ማመንታት የንፉግነት አልነበረም፤ ክብር በገንዘብ ሊተካ መሆኑን አስቀድመው ያወቁ ይመስላል።

የምድር ባቡሩ ነገሩን አፋጠነው። ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲደርስ መንገደኛው እንደ ቀድሞው በቅሎና ድንኳን ይዞ ሳይሆን ሻንጣ ይዞ መውረድ ጀመረ። ባቡሩ በመጀመሪያዎቹ ዐሥርተ ዓመታት ሌሊት ስለማይጓዝ ተሳፋሪው በድሬዳዋና በአዋሽ ያድር ነበር፤ የአዋሽ ቡፌም ከዚሁ የተነሣ ዝናን አተረፈ። በጥቅምት 1923 ዓ.ም. የአፄ ኃይለ ሥላሴ ዘውድ በዓል፣ ከአምስት ዓመት በኋላም የጣሊያን ወረራ ዋዜማ የውጭ ጋዜጠኞችን ወደ ከተማይቱ ሰበሰበ። እንግሊዛዊው ደራሲ ኢቭሊን ዎ በ1927 ዓ.ም. መጨረሻ ሲመጣ ያረፈው አንዲት ጀርመናዊት በምታስተዳድረው ፓንሲዮን ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1938 ባሳተመው «ስኩፕ» በተሰኘው ልብ ወለዱ ውስጥም ያችኑ ማረፊያ የምትመስል ቤት ሥሏል።

የውጭ ሰዎች ስላረፉባቸው ሆቴሎች ብዙ ተጽፏል፤ ጸሐፊዎቹ ራሳቸው እንግዶቹ ናቸውና። ደጅ ጠኚውን፣ ሲራራ ነጋዴውንና ወታደሩን ያስተናገዱት ቤቶች ግን ጸሐፊ አላገኙም። እነዚያ ቤቶች የሴቶች ቤቶች ነበሩ። ባሏ በጦርነት የሞተባት፣ ከትዳሯ የወጣች፣ በአገሯ ርስት ያልደረሳት ሴት ወደ ከተማ ስትመጣ ከእናቷ የተማረችው ሙያ ካፒታል ሆናት። ጌሾ፣ ገብስ፣ ጋንና እንስራ ካላት ጠላ ትጠምቃለች፤ ማር መግዛት ከቻለች ጠጅ ትጥላለች። በረጅም እንጨት ጫፍ የተደፋች ጣሳ ማስታወቂያዋ ነበረች። ጠጪው ሲርበው እንጀራ ይቀርብለታል፤ ሲመሽበትም መደብ ይከራያል። ቤቱ ምግብ ቤትም፣ መጠጥ ቤትም፣ ማደሪያም ነበር። አንዳንዶቹም ገላ የሚሸጥባቸው ነበሩ፤ ከተማው በቀን የሚያወግዛቸውን ቤቶች በማታ ይሞላቸው ነበር። ዳሩ ግን ብዙ ሴቶች በስማቸው ቤት ያቆሙት፣ ልጆቻቸውንም ያስተማሩት በዚሁ ሥራ ነው።

የናይሮቢ ታሪክም ከዚህ ጋር ይመሳሰላል። ናይሮቢ እ.ኤ.አ. በ1899 በባቡር ሠራተኞች ሰፈርነት ተነሣች፤ ኖርፎክ ሆቴል እ.ኤ.አ. በ1904 የገና ዕለት ለነጭ ሰፋሪዎችና ለአዳኞች ተከፈተ። በቅኝ ግዛቱ ዘመን አፍሪቃዊው ወደ እንዲህ ያለው አዳራሽ የሚገባው ሳህን ተሸክሞ ነበር። የታሪክ ተመራማሪዋ ሉዊዝ ኋይት እ.ኤ.አ. በ1990 ባሳተመችው መጽሐፍ እንዳሳየችው፣ ለሥራ ወደ ናይሮቢ የመጣው ጥቁር ሠራተኛ አልጋ፣ ሻይ፣ ምግብና የመታጠቢያ ውኃ ያገኘው በፓንጋኒና በፑምዋኒ ቤት ካቆሙ ሴቶች ዘንድ ነው።

አዲስ አበባም የዘር አጥርን ቀምሳለች። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ፋሺስቶች የአራዳን መካከል ለራሳቸው ለይተው የአገሬውን ገበያ ወደ ምዕራብ አዛወሩት፤ ፒያሳና መርካቶ የሚሉት ስሞች የዚያ ዘመን ቅሪቶች ናቸው። ጣሊያኖቹ ሲሄዱ ግን ፓስታው፣ ማኪያቶውና ባንኮኒው ቀሩ፤ «ቡና ቤት» የሚለው ስምም ውሎ አድሮ ከቡና ይልቅ ቢራ የሚጠጣበትንና አልጋ የሚከራይበትን ቤት የሚያመለክት ሆነ።

ከነጻነት በኋላ ከተማይቱ የአፍሪቃ እንግዳ ተቀባይ ልትሆን ተዘጋጀች። ኔልሰን ማንዴላ በ1954 ዓ.ም. ለአፍሪቃ ነጻነት ታጋዮች ጉባኤ ሲመጣ በራስ ሆቴል አረፈ። በግለ ታሪኩ አዲስ አበባ ከመኪና ይልቅ ፍየልና በግ የሚበዛባት ከተማ እንደነበረች ቢጽፍም፣ ከቤተ መንግሥቱና ከዩኒቨርሲቲው ጋር ራስ ሆቴልን ከሚጠቀሱት ጥቂት ሕንፃዎች ቆጥሮታል። በአገሩ በቆዳው ቀለም ምክንያት በር የሚዘጋበት ሰው እዚህ የክብር እንግዳ ነበር። በ1955 ዓ.ም. የአፍሪቃ አንድነት ድርጅት ተመሠረተ፤ እ.ኤ.አ. በ1969 ደግሞ የመዋኛ ገንዳው የላሊበላን ቤተ ጊዮርጊስ ቅርጽ የያዘው ሒልተን ተከፈተ። በዚያው ዘመን ውቤ በረሃ በሌሊት ሕይወቷ ትታወቅ ነበር። የስብሐት ገብረ እግዚአብሔር «ሌቱም አይነጋልኝ» የእነዚያን ቤቶች ሴቶች ስም፣ ድምፅና ሐሳብ ያላቸው ሰዎች አድርጎ በመጻፉ ለረጅም ዘመን ሳይታተም ቆየ።

በ1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤቶች አዋጅ ታወጀ። ከመቶ ብር በታች የሚከራዩት ቤቶች በቀበሌ ሥር ገቡ፤ ታላላቆቹ ሆቴሎች የመንግሥት ድርጅቶች ሆኑ። የሰዓት እላፊውም ሌሊቱን አሳጠረው። ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ደግሞ የግል ሆቴሎች በዙ፤ ሸራተን እ.ኤ.አ. በ1998 ሥራ ጀመረ።

ጥር 3 ቀን 2007 ዓ.ም. የጣይቱ ሆቴል በእሳት ሲጎዳ ከተማው አዘነ፤ ሆቴሉም ተጠግኖ እንደገና ተከፈተ። በ2016 ዓ.ም. ዶሮ ማነቂያን ጨምሮ የፒያሳ አሮጌ ሰፈሮች ለልማት ሲፈርሱ ግን ምን እንደጠፋ ለመቍጠር እንኳ አስቸጋሪ ነበር። የእቴጌይቱ ሆቴል ባለቤቷ፣ ዘመኗና የግብሯ ታሪክ ተጽፏል፤ ስለዚህም ሲቃጠል የሚጠገን ነገር መሆኑ ታወቀ። የጠላ ሻጯ ቤት ግን ጽሑፍም፣ ሥዕልም፣ የባለቤት ስምም የለውም፤ ሲፈርስ ጭቃና ቆርቆሮ ብቻ ሆኖ ይታያል። ከተማይቱ ከድርጎ ወደ ሆቴል የተሻገረችው ግን በአብዛኛው በእነዚህ ሴቶች ጋንና መደብ ነው። በየሰፈሩ ገና በሕይወት ያሉት አረጋውያት ያንን ዘመን ያስታውሳሉ፤ ዋጋውን፣ ደንበኛውን፣ የቀበሌውን ኪራይ፣ የሌሊቱን ፍርሃት መናገር ይችላሉ። ቤቱ ባይተርፍ ቃላቸው እንዲተርፍ የሚጠይቃቸው ሰው ያስፈልጋል፤ ለዚህም የቀረው ጊዜ አጭር ነው።